የመዳፍ ምርቃት

ሚኒባሱ ከቡሬ መናኸሪያ ወጥቶ ወደ ማንኩሳ ሲያቀና፣ ወይኒቱ ቀኝ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ጨብጣ ይዛ ነበር። አጎቷ አያ ቢሰጥ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል ተክለው፣ ተሳፋሪው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከቤት ሲወጡ የጀመሩትን ትምህርት ለአራተኛ ጊዜ ያስቀጽሏታል።

«ፊትሽን ምን ሆንሽ ቢልሽስ?»

«እሾህ ቧጨረኝ።»

«የምን እሾህ?»

«የአጋም። አጥር ስናጥር።»

«አባትሽስ?»

«ጠበል ገብተዋል። ለጉልበታቸው።»

«ታዲያ ለምን በስልክ አያነጋግሩኝም ቢልሽ?»

«ቦታው ቆላ ነው፤ ኔትወርክ የለውም።»

«እሰይ የኔ ልጅ! እንዲያ ነው እንጂ። ልብ አድርጊ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁ። የወይኒቱ አባት አቶ ዘሩ ጠበል አልገቡም። ሚያዝያ አሥራ ስምንት ቀን 2006 ዓመተ ምሕረት፣ የዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ ቅዳሜ አረፉ፤ በማግስቱ ከደብሩ አጸድ ሥር ተቀበሩ። ዛሬ ግንቦት አሥራ አራት ነው፣ ሃያ ስድስት ቀናቸው። አገር አልቅሶላቸዋል። ወይኒቱም ፊቷን ነጭታ፣ ጠጉሯን ተቆርጣ፣ ጥቁር ለብሳላቸዋለች። ይህን ሁሉ ያልሰማ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፤ እሱም አንድያ ወንድ ልጃቸው አንዷለም ነው። ዛሬ የሚሄዱት እሱን ሊያዩት ነው፣ ላይነግሩት።

አንዷለም ባሕር ዳር ከተማ፣ ጣና ዳር ካለ የመርከበኞች ማሠልጠኛ ከገባ ስድስት ወር አልፎታል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቆ፣ ሥራ ፍለጋ ጫማውን ሲጨርስ ከርሞ፣ ማስታወቂያ አይቶ ነው የተፈተነ። የቡሬ ሰው ይህን ሲሰማ እንዴት እንደሳቀ! «ባሕር የሌላት አገር መርከበኛ ልታሠለጥን? የት ሊዋኝ ነው፣ ከጤፍ ማሳ ላይ?» ተባለ። ልጁ ግን የመርከብ ሞተር ፈትቶ መግጠም ተማረ፤ እሳት ማጥፋት ተማረ፤ በፉጨት መነሣት፣ በፉጨት መሰለፍ፣ አልጋውን እንደ ሳጥን አጣጥፎ ማንጠፍ ተማረ። አሁን ጨርሷል። ነገ ማታ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተነሥቶ፣ ሲንጋፖር ከሚባል አገር ከምትጠብቀው የጭነት መርከብ ላይ ለአንድ ዓመት ይሳፈራል። መርከብ ደግሞ እንደ ቡሬ አይሱዙ ጭነት እስኪሞላ ሰው ሲጠብቅ አይውልም። ቀኑ ካለፈው ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ ዳግመኛ ተራ መቼ እንደሚደርሰው የሚያውቅ የለም።

ለዚህ ነው አያ ቢሰጥ ገና ከቀብር ሲመለሱ «ልጁ ፈተና ላይ ነው፣ አይረዳ» ብለው የፈረዱት። እሳቸው የወይኒቱ እናት ወንድም ናቸው፤ እናትየው ከሞተች ዓመታት ቢያልፉም ቤቱን አልተለዩትም። ደግሞም የእድሩ ዳኛ ናቸው። በአገሩ ከሳቸው በላይ መርዶ የሚያውቅ የለም። መርዶ በስልክ አይነገርም። በመንገድ አይነገርም። ማለዳ ነው፤ ዘመድ ከደጅ ተሰብስቦ፣ ሰውየው በገዛ ቤቱ፣ ገና ከመኝታው ሳይርቅ። «ከዚህ የወጣ መርዶ ሰው ይገድላል» ይላሉ አያ ቢሰጥ፤ ገደለ የሚሉትንም በስም ይቆጥሩላችኋል። አንዷለም ቤቱ የሚገባው ከዓመት በኋላ ከሆነ፣ እንግዲህ ዓመት ይቆያል።

አንዷለም በደወለ ቁጥር ስልኩን የሚያነሡት እሳቸው ናቸው፤ አባቱም በየጊዜው ጠበል ናቸው። የሠልጣኞቹ አውቶቡስ በቡሬ ያልፋል ሲባልም አያ ቢሰጥ ነገሩን አስቀድመው አሰቡት። ቡሬ ላይ የማያውቃቸው የለም፤ አንዱ ባለባጃጅ «ነፍስ ይማር» ቢለው ምን ይውጣቸዋል? «ቡሬ እንዳትወርድ! ወጀት እንጠብቅሃለን» አሉት። ፍኖተ ሰላምን እስከ ዛሬ ወጀት ነው የሚሏት። ወይኒቱን ጥቁሩን ቀሚስ ቡሬ ዘመድ ቤት አስወልቀው የበዓል ነጭ አስለበሷት፤ የተቆረጠ ጠጉሯን በሻሽ አስጠመጠሟት። ነጩ ቀሚስ ቆዳዋን አሳከካት። አባቷን የከዳች መሰላት።

ይህን ሁሉ ያሰቡት አያ ቢሰጥ ግን የማያውቁት አንድ ነገር ነበር። እሱም ነጠላው ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዷለም በኅዳር ወር ወደ ማሠልጠኛው ሊሄድ ሲል አባቱ እግር ሥር ተንበርክኮ «ይመርቁኝ አባዬ» አለ። አቶ ዘሩ ታናሽ ወንድማቸውን በልጅነት ብር ወንዝ በነሐሴ ሙላት ወስዶባቸዋል። ሬሳው ሳይገኝ በልብሱ ነው የተለቀሰበት። ከዚያ ወዲህ የውኃ ነገር ሲነሣባቸው ዓይናቸው ይቀላ ነበር።

«መሬት ለሚረግጥ ነው ምርቃት ያለኝ» አሉት። «ውኃ ላይ ለሚሄድ የለኝም።» ማጭዳቸውንም አንሥተው ወደ ጤፋቸው ሄዱ።

ልጁ ባዶ ራሱን ወጣ። ገናን አልመጣም፣ ጥምቀትን አልመጣም፣ ፋሲካን አልመጣም፤ ማሠልጠኛው ፈቃድ አይሰጥም አለ፣ ኩራትም ነበረበት። ለእህቱ ግን አባታቸው በሕይወት ሳሉ ይደውልላት ነበር። ከከፍታ ወደ ጣና የመዝለል ፈተና አለ፤ ከከፍታው ላይ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ በእግሩ ወረደ። «እታለም፣ ውኃውን ቁልቁል ሳየው የአባዬ ድምፅ ይመጣብኛል። እግሬ እንቢ ይላል» አላት። ጓደኞቹ ሳቁበት። በሦስተኛው ዓይኑን ጨፍኖ ዘለለና አለፈ፤ ሲወጣ ግን መንጋጋው ሲንቀጠቀጥ እስከ ማታ እንዳልተወው ነግሯታል። እሷ ናት ያሳደገችው። ሲፈራ ከድምፁ ታውቀዋለች።

አቶ ዘሩ ባረፉበት በዚያ ቅዳሜ ሰዉ ሁሉ ቡሬ ገበያ ወርዶ ቤት የቀሩት አባትና ልጅ ብቻ ነበሩ። አቶ ዘሩ ሦስት ቀን ተኝተው የከረሙበት ትኩሳት ለቀቅ አድርጓቸው፣ ተደግፈው ቁጭ አሉ። ወይኒቱ ዳኑልኝ ብላ ደስ አላት፤ ሞኝ!

«ወይኒቱ» አሏት፣ «ልጁን ባዶ ራሱን ሰደድኩት።»

«ሲመለስ ይመርቁታል አባዬ።»

«እኔ አልቆየውም። እጅሽን አምጪ።»

ቀኝ እጇን ሰጠቻቸው። ይዘው መዳፏን ዘረጉት። «እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ። ውኃው መሬት ይሁንልህ በይው። ወንድሜን ያስቀረ ውኃ አንተን ይመልስ በይው። ባሕሩን ሳይሻገር አድርሺ።»

«አደርሳለሁ።»

«ማይ።»

«ማርያምን አደርሳለሁ።»

ገበያተኛው ሳይመለስ ሄዱ።

በእነ ወይኒቱ አገር ምርቃት ከአፍ እስከ ራስ ነው። መራቂው ተቀምጦ፣ ተመራቂው ጎንበስ ብሎ፣ እንትፍ እንትፍ ተብሎበት ያልቃል፤ አይላክም። የሚላከው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ መራቂው ልጁን ዳግመኛ እንደማያየው ሲያውቅ፣ በሌላ ሰው መዳፍ ላይ ያሳርፈዋል። ያ መዳፍ ራስ ላይ ከወረደ ሌላ አርጂ አያስፈልግም። ይህን የማያውቅ የዚያ አገር ልጅ የለም። ወይኒቱ ለእድሩ ዳኛ ብትናገር ኖሮ ፍኖተ ሰላምን አታያትም ነበር። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። ካደረሰች ወንድሟን ታረዳዋለች፤ ካላደረሰች የአባቷን ኑዛዜ ትበላለች። ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ በዚያ እጅ ውኃ ቀድታለች፣ ሊጥ አቡክታለች፣ በረት ጠርጋለች፤ ምርቃቱ በሳሙና እንደማይለቅ ታውቃለች። እንዲያም ሆኖ ስትተኛ ጨብጣው ነው የምትተኛ።

ፍኖተ ሰላም ለግንቦት ሃያ በዓል ሽር ጉድ ትል ነበር። በዋናው መንገድ ላይ ባንዲራ ተወጥሯል፣ በሞንታርቦ ሙዚቃ ይለቀቃል፣ አንዱ ካድሬ ስለ ልማት ይናገራል። አያ ቢሰጥና ወይኒቱ አውቶቡሶች ለምግብ ከሚያርፉበት ሆቴል ግቢ፣ ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። በእግሯ ሥር ለስንቅ ያመጣችው የበሶና የቆሎ ከረጢት አለ። አራት ሰዓት ሲሆን አውቶቡሱ ገባ።

በሩ ተከፍቶ መጀመሪያ የወረዱት አንድ ቀጠን ያሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ነጭ ኮፍያ፣ በአንገታቸው የተንጠለጠለ ፊሽካ። አለቃ ሃይለ ሚካኤል ናቸው። አንዷለም ስለሳቸው በስልክ ብዙ ነግሯታል። በደርግ ጊዜ ምፅዋ ላይ የባሕር ኃይል የበታች ሹም ነበሩ፤ መንግሥት ሲለወጥ ባሕሩም መርከቡም ቀርቶባቸው አሥራ ምናምን ዓመት በግ ነግደው፣ በስተርጅና ማሠልጠኛው ፈልጎ አመጣቸው። «ሠላሳ ደቂቃ!» አሉ። «ሠላሳ አንድ የሚባል ቁጥር እኔ ዘንድ የለም!»

ከኋላቸው ልጆቹ ነጭ በነጭ ሆነው ተንጋጉ። ወይኒቱ ወንድሟን የለየችው በአረማመዱ ነው። ትከሻው ሰፍቷል፣ ጠጉሩ ተላጭቶ ኮፍያ ደፍቷል፤ አረማመዱ ግን ያው ነው፣ የአባቱ።

«እታለም!» ብሎ አቀፋት። አገላብጦ ሳማትና ራቅ አድርጎ አያት። «ከሳሽ እኮ። ፊትሽን ምን ሆንሽ?»

«አጋም ቧጨረኝ። አጥር ስናጥር።»

«ሁለቱንም ጉንጭሽን?»

«አጋም ምን ይመርጣል!» ብለው አያ ቢሰጥ ሳቁ። ሳቃቸው በዛ። «ና እስቲ አንተ ጎረምሳ! ይህን ነጭ ልብስ ማነው የሚያጥብልህ? ቁጭ በል፣ ብላ።»

ጥብስ መጣ። አንዷለም አንድ ጉርሻ ጎርሶ ተወው። ከቦርሳው ጥቁር ሰማያዊ የዝናብ ካፖርት አወጣና ለእህቱ ዘረጋላት። «የአባዬ ነው። ማሠልጠኛው የሰጠኝ ነው፣ እኔ መርከብ ላይ ሌላ ይሰጠኛል። ክረምቱ ሊገባ ነው፤ ለዘር ሲወጡ ይልበሱት። ጠብታ አያስገባም።»

ወይኒቱ በግራ እጇ ተቀበለችው። እቃ በግራ መቀበል ነውር ነው፤ እሱንም ያስተማረችው እሷ ናት። ዓይኑን ወደ ነጠላዋ ጣለ። «እጅሽን ታመሻል?»

«ወለም አለኝ።»

አንዷለም ከነጠላዋ ላይ ዓይኑን አነሣ። ከዚያ ወደ አጎቱ ዞረ።

«አያ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። እኔ አልሄድም።»

አያ ቢሰጥ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው ከትሪው ላይ አኖሩት። «የት አልሄድም?»

«ባሕሩን አልሄድም። አባዬ ሳይመርቁኝ አልሄድም። ቡሬ ላይ ልወርድ ነበር፣ እናንተ እዚህ ስለጠበቃችሁኝ ነው የመጣሁት። ጠበሉ የት ነው? ቆላም ይሁን ገደል ይንገሩኝ፣ ዛሬውኑ እሄዳለሁ። መርከቡ ይቅርብኝ።»

«አብደሃል? ዓመት የተማርከውን!»

«ስድስት ወር ነው የተማርኩት፤ ስድስቱንም ወር ስባንን ነው ያደርኩት። አሁን ደግሞ ዓመት ሙሉ የሰው አገር ውኃ ላይ ባዶ ራሴን ልሁን? አልችልም አያ። ፈሪ ይበሉኝ።»

«መርቀውሃል እኮ! ለኔ፣ ለገዛ ጆሮዬ፣ መርቄዋለሁ በለው ብለውኛል።»

«በአፍ?»

«በአፍ።»

«አያ፣ እርስዎ የእድር ዳኛ ነዎት። ምርቃት በአፍ ይላካል?»

አያ ቢሰጥ ብድግ አሉ። «ቆይ! አለቃህ ይዘዝህ!» ብለው ከዘራቸውን ይዘው ሽማግሌውን ፍለጋ ወደ አውቶቡሱ ተጣደፉ።

ከዋርካው ሥር እህትና ወንድም ብቻቸውን ቀሩ። ከወዲያ ጓደኞቹ እየተጎራረሱ ይሳሳቃሉ፤ ካድሬው ከሞንታርቦው ውስጥ ይጮኻል። ወይኒቱ ነጠላው ውስጥ ያለ እጇን አጥብቃ ጨበጠች። አባቱን ፍለጋ ከተመለሰ ምን እንደሚያገኝ ታውቃለች፤ ገና ሣር ያልበቀለበት አፈር። መርከቡም ይሄዳል፣ አባትየውም የሉም፣ ምርቃቱም እንደዘገየ ይቀራል። እንዲሄድ ካደረሰችለት ደግሞ... ወይ ማርያም! በዚህ ሁሉ ሰው መካከል፣ በዚህ ነጭ ልብስ፣ ዘመድ በሌለበት? አያ ቢሰጥ መርዶ በመንገድ ይገድላል ያሉት ጆሮዋ ላይ ጮኸ። ምን ላድርግ አባዬ፣ ምን ላድርግ፣ ለምን እኔ ላይ ጣሉት? አለች በሆዷ። አባቷን ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀየመቻቸው።

«አንዷለም።»

«ወይ።»

«ብትመረቅ ትሄዳለህ?»

«እሄዳለሁ።»

«ምንም ቢሆን?»

«ምንም ቢሆን። ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ማልልኝ።»

«ማርያምን እሄዳለሁ። ምን ሆነሻል እታለም?»

«ኮፍያህን አውልቅ።»

ሳቅ ሊል ሲል ፊቷን አየና ተወ። ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አኖረው። ወይኒቱ ቀኝ እጇን ከነጠላዋ አወጣች። ዘረጋችው።

አንዷለም መዳፏን አየ። ወደኋላ ሊል ፈልጎ ጀርባው ከዋርካው ግንድ ጋር ተጋጨ።

«ተይ» አላት። «እታለም፣ ተይ። አታድርጊው።»

«ማርያምን ብለሃል።»

«አጎንብሰህ ስመኝና ሂድ ብትይኝ እኮ እሄድ ነበር። ዋሽተሽኝ ቢሆን እሄድ ነበር!»

«ባዶ ራስህን አልሰድህም።»

እጇን ከተላጨው ራሱ ላይ አሳረፈች። ራሱ ትኩስ ነበር። ከመዳፏ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማት፤ ከጣና የወጣ ቀን የነገራት ዓይነት መንቀጥቀጥ መሆኑን አወቀች። ድምፅዋ እንዳይሰበር ጥርሷን ነክሳ አባቷ እንዳሏት አለች፦

«ውኃው መሬት ይሁንልህ። ወንድሜን ያስቀረ ውኃ አንተን ይመልስ። አሜን በል።»

እጇን አላነሣችም።

«አሜን» አለ።

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አጎነበሰ። አልጮኸም። እሷም አልጮኸችም። ደረት መምታት፣ «ወይኔ አባቴ» ማለት፣ መሬት መውደቅ፣ ለሐዘን የተሠራው ሁሉ እዚያ አልተፈቀደም። ካፖርቱን አምጥታ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት፤ ከሩቅ የሚያይ የበረደው ይመስለዋል።

«መቼ?» አላት ከካፖርቱ ሥር።

«የዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ። ገበያተኛው ሳይመለስ።»

«ማን ነበር?»

«እኔ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

ቀና አለ። ዓይኑ ቀልቷል። አጎታቸው አለቃ ሃይለ ሚካኤልን እያስከተሉ ከአውቶቡሱ ወዲህ ሲመጡ አያቸው። እጁን ሰደደና ከግንባሯ ወደኋላ የሸሸውን ሻሽ ወደፊት ስቦ የተቆረጠ ጠጉሯን ሸፈነላት።

«ስሚኝ» አላት ፈጥኖ፣ በሹክሹክታ። «እኔ አልሰማሁም።»

«ምን?»

«አልሰማሁም። ለአያ ቢሰጥ እንዳትነግሪ፤ በመንገድ ተረዳ ከሚባል ቢሞቱ ይሻላቸዋል። ስመለስ ማለዳ ሰብሰብ ብላችሁ እንደ ወጉ አርዱኝ። አባዬ እንዲህ በፊሽካ መካከል አይለቀስላቸውም። በደጃቸው ቆሜ አለቅሳለሁ። እስከዚያ ድረስ ጠበል ናቸው።»

ወይኒቱ ራሷን ነቀነቀችለት።

አለቃ ሃይለ ሚካኤል ደርሰው ቆሙ። «ካዴት አንዷለም! ምንድነው የምሰማው? አልሄድም ያለ ማነው?»

አንዷለም ተፈናጥሮ ቆመ። ካፖርቱን አጣጥፎ ለእህቱ ሰጠና «ማንም አላለም፣ አለቃ። ዝግጁ ነኝ» አለ።

ሽማግሌው ሊቆጡ ከንፈራቸውን ሲያነሡ ዓይናቸው ወይኒቱ ላይ ወደቀ። ጉንጮቿን አዩ፤ ግራና ቀኝ፣ እኩል የወረደውን ጭረት። ሻሿን አዩ። ነጩን ቀሚሷን አዩ። ፊሽካቸውን ለቀቁት። ኮፍያቸውን አውልቀው በደረታቸው ያዙና ጎንበስ አሉላት።

«አምስት ደቂቃ ጨምሬያለሁ» አሉ ለልጁ፣ ድምፃቸው ሌላ ሆኖ። ከዚያ ዞረው ሄዱ።

አያ ቢሰጥ ግራ ገብቷቸው ከአንዷ ወደ አንዱ ያያሉ። «ምን አልሽው?»

«መከርኩት።»

«ተመከረ?»

«ተመከርኩ አያ» አለ አንዷለም። ዝቅ ብሎ የአጎቱን ጉልበት ሳመ። «ይመርቁኝ።»

አያ ቢሰጥ ደስታቸውን መያዝ አቅቷቸው ራሱ ላይ እንትፍ እንትፍ አሉበት፤ በሰላም ግባ፣ ዓሣ አይንካህ፣ ማዕበል አይይህ፣ እያሉ የማያውቁትን የባሕር ነገር ሁሉ ጠሩበት። ልጁ ጎንበስ እንዳለ ጠበቃቸው። ሲጨርሱ ግን ያለው ነገር ነው አያ ቢሰጥን ያፈረሳቸው።

«አያ፣ አባዬን ጉልበታቸውን ሳሙልኝ። ጠበሉ ያድናቸው።»

«እሺ ልጄ» አሉ አያ ቢሰጥ። «እሺ... እስማቸዋለሁ።» ፊታቸውን አዙረው በጋቢያቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ጠረጉ፤ «ይህ የመኪና አቧራ!» አሉ። ግቢው በድንጋይ የተነጠፈ ነበር።

ፊሽካው ተነፋ። ወይኒቱ የስንቁን ከረጢት እስከ አውቶቡሱ በር ተሸከመችለት። አንዷለም ገብቶ ከመስኮት ዳር ተቀመጠ። ሁሉም ኮፍያቸውን ደፍተዋል፤ እሱ ብቻ ጭኑ ላይ እንደያዘው፣ የተላጨ ራሱ ራቁቱን ነው። አለቃ ሃይለ ሚካኤል ኮፍያ ያላደረገ ሠልጣኝ አይተው የሚያልፉ ሰው አልነበሩም። በመተላለፊያው ሄደው አጠገቡ ደረሱ፣ አዩት፣ አለፉ።

አውቶቡሱ ወደ ጅጋ አቅጣጫ፣ ወደ ብር ድልድይ ወረደ። ወይኒቱ የአባቷን ወንድም የወሰደውን ወንዝ አንዷለም አሁን በደረቅ እግሩ እንደሚሻገረው አሰበች። አሜን ብሏል አለች ለራሷ።

ወደ ቡሬ ሲመለሱ ዝናብ ጀመረ። አያ ቢሰጥ እንደ ሙሽራ ሚዜ ደስ ብሏቸዋል። «አየሽ ልጄ? ቅንጣት አልጠረጠረም! እኔማ አለቀልን ብዬ ነበር። አንቺ ግን አበጀሽ። ምስጢር እንዲህ ሲቋጠር ነው የሚያምር።»

«አዎ አያ።»

«በይ እንግዲህ፣ ዓመት ሲመጣ ማለዳ እናረዳዋለን። ሰዉን ከዋዜማው እጠራለሁ። ድንገት እንዳይወድቅ ሁለት ጎረምሳ ከጎኑ አቆማለሁ። ልጁ ገና ምንም የማያውቅ፣ አንጀት የሚበላ ነው፤ ቀስ ተብሎ ነው የሚነገረው። መጀመሪያ የምትጮኺው አንቺ ነሽ፣ እህቱ ስለሆንሽ። እስከዚያ ግን እንዳትቀድሚኝ!»

«አልቀድምዎትም።»

ትንሽ መንገድ ሄዱ። አያ ቢሰጥ ጭኗ ላይ የተጣጠፈውን ካፖርት ዳበሱት። «ይህንስ ለማን እንሰጠው? ጥሩ እቃ ነው።»

«ለማንም አይሰጥም» አለች ወይኒቱ። «አንዷለም እስኪሰማ ድረስ ባለቤቱ ጠበል ናቸው።»

አያ ቢሰጥ አሰቡበትና «እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ። ቡሬ ደርሰው ከዘመድ ቤት ገቡ። ወይኒቱ ነጩን አውልቃ ጥቁሩን ቀሚስ ለበሰች፤ ከዚያ በሩን ዘግታ ለአባቷና ለወንድሟ አንድ ላይ ጮኻ አለቀሰች። አያ ቢሰጥ ከደጅ ሆነው ሰሟት። «ተዉአት፣ ታልቅስ» አሉ ለባለቤቶቹ። «ዛሬ ቀኑን ሙሉ ችላው ነው የዋለች።»